ለእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ማባበያ

በቀዝቃዛ ውኃ ባስ ማጥመድ ከሁሉ በፊት የመምረጥ ጥበብ ነው። ባስ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር፣ ሌሎች ዓሦችን አድኖ የሚበላ ዓሣ ሲሆን፣ ባለ ትልቅ አፍና ባለ ትንሽ አፍ የተባሉ ሁለት ታዋቂ ዝርያዎች አሉት። በሞቃቱ ወራት ያገኘውን ሁሉ ስለሚነክስ ለአጥማጁ ዕውቀት የሚጨምርለት ነገር የለም። ኖቬምበር ገብቶ ውኃው ከ50 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ግን፣ የሰውነቱ ሙቀት ከውኃው ጋር አብሮ ይወርዳል። እንቅስቃሴው ይዘገያል፤ የዋጠውን ለመፍጨት ቀናት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ብዙም አይበላም። እዚህ ላይ ተራ ሰው «ዓሣው ካልራበው ምን ይደረጋል?» ብሎ ያልፋል። የሠለጠነው አጥማጅ ግን ጉድለቱ ከዓሣው ሆድ ሳይሆን ከራሱ የማባበያ ሣጥን መሆኑን ያውቃል። ሣጥኑ ውስጥ ያልተገዛ ነገር አለ።

ለዚህ ወቅት የሚያገለግሉ ማባበያዎች በመሠረቱ ጥቂት ናቸው። ጂግ የሚባለው የእርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ ፀጉር ወይም ጎማ ለብሶ በውኃው ግርጌ ላይ በዝግታ ይጎተታል። ብሌድ ቤይት ሲስቡት የሚንቀጠቀጥ ስስ ብረት ነው። ጀርክቤይት የተባለው ቀጭን የፕላስቲክ ዓሣ ደግሞ አንዴ ሁለቴ ከተነቀነቀ በኋላ ሳይሰምጥና ሳይወጣ ባለበት ይቆማል፤ ይህም በብርድ እየሞተ የሚዋልለውን ሻድ የተባለ ትንሽ ዓሣ ያስመስለዋል። ሦስቱም በአንድ የካፖርት ኪስ ይገባሉ። በካፖርት ኪስ የሚገባ ነገር ግን ሙያ ሊባል ስለማይችል፣ ሙያው በቀለም፣ በክብደትና በዲግሪ ተስፋፍቷል።

ከቀለም እንጀምር። አንድ ዓይነት ጀርክቤይት በብዙ ቀለም ይሸጣል። «ጎስት ሚኖ»፣ «ሴክሲ ሻድ» እየተባለ ለእያንዳንዱ ስም የወጣለት ሲሆን፣ ስሞቹ የተጻፉት ዓሣው እንዲያነባቸው ይመስላል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ባስ ቀይንና አረንጓዴን አጥርቶ ይለያል፤ ሻርትሩዝ የተባለውን ደማቅ ቢጫ ከነጭ፣ ሰማያዊውንም ከጥቁር ለመለየት ግን ይቸገራል። በጠራ ውኃ ወደ ታች ሲኬድ ቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ቀይ ብርሃን ነው። ዓሣው አጥርቶ ከሚያያቸው ቀለሞች አንዱ፣ በክረምት በሚገባበት ጥልቀት ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ መረጃ ሳይንሳዊ በመሆኑ በማባበያ መደብሮች ዘንድ ታላቅ አክብሮት አለው፤ ሻርትሩዙም ነጩም ለየብቻ መሸጣቸውን ቀጥለዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሚዛን ነው። ውኃ ሲቀዘቅዝ እፍጋቱ ስለሚጨምር፣ ለብ ባለ ውኃ ባለበት ይቆም የነበረ ጀርክቤይት በብርድ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ከ70 ወደ 40 ዲግሪ ፋራናይት ሲወረድ የሚጨምረው እፍጋት ከሺህ 2 እጅ ገደማ ነው። ለዚህች ልዩነት መፍትሔው ከማባበያው ሆድ ላይ ስስ የእርሳስ ልጣፍ መለጠፍ ሲሆን፣ ትክክለኛው መጠን የሚገኘው የመታጠቢያ ገንዳን በበረዶ ሞልቶ በመሞከር ነው። በእነዚህ ቀናት ቤተሰቡ ገላውን ባይታጠብ ለዕውቀት ሲባል ነው።

የዘመናዊው ሥርዓት ዘውድ ግን የዲግሪው ሕግ ነው፦ ለእያንዳንዱ የውኃ ሙቀት የራሱ ማባበያ። ሕጉ በተሟላ መልኩ ሲሠራበት ምን እንደሚመስል ለማየት፣ በቴነሲና በኬንታኪ ድንበር ላይ ያለውን የዴል ሆሎው ሐይቅ መውሰድ ይቻላል። ባለ ትንሽ አፉ ባስ እስከ ዛሬ የተመዘገበለት ትልቁ ክብደት በ1955 የተያዘው እዚያ ስለሆነ ቦታው ለጥናት ይመቻል። ከ50 ዲግሪ ውኃ ከፍተኛ እፍጋቱ ላይ እስከሚደርስበት 39 ዲግሪ ድረስ 12 ዲግሪዎች አሉ። ውኃው የጠራ፣ ደብዘዝ ያለ ወይም የደፈረሰ ሊሆን ስለሚችል በ3 ይባዛል። ለእያንዳንዱ 5 ቀለምና 4 መጠን ብቻ ቢያዝ፣ ይህም የንፉግ ሣጥን ነው፣ ድምሩ 720 ማባበያ ይሆናል። አንዱ በ15 ዶላር ቢገዛ 10,800 ዶላር ነው፤ ይህ ግን ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱ ክፍል መሞከሩ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ጀርክቤይት ለ30 ሰከንድ እንዲቆም ይመከራል። በአንድ ውርወራ 20 ጊዜ ቢቆም 10 ደቂቃ ይሄዳል። አንድ ማባበያ ቢያንስ 10 ውርወራ ሳይሞከር መፍረድ ግፍ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ 100 ደቂቃ፣ ለ720ው 1,200 ሰዓት ያስፈልጋል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 150 ቀን ነው። በደነዘዘ ጣት አንዱን ፈትቶ ሌላውን ማሰር 2 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ ለማሰር ብቻ 3 ቀን ይታከልበታል። በኖቬምበር 1 የጀመረ ትጉህ አጥማጅ፣ ያለ ሰንበትና ያለ ገና ከሠራ፣ በኤፕሪል 2 ያጠናቅቃል። ያን ጊዜ ውኃው እየሞቀ፣ ባሱ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር እየወጣ ይሆናል፤ 720ውም ማባበያዎች ጊዜ ያለፈባቸው ይሆናሉ።

ይህም ቢሆን ውኃው ተራውን ጠብቆ ከተባበረ ነው። የ47 ዲግሪ ድርሻ የሆኑት 60 ማባበያዎች ብቻቸውን 12 ቀን ተኩል ይፈልጋሉ፤ ሐይቁ ግን በ47 ዲግሪ ላይ ለዚያን ያህል ጊዜ ቆሞ ለመጠበቅ ግዴታ አልገባም። በ3ኛው ቀን ወደ 46 ቢወርድ የቀሩት ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋሉ። ውኃው በማርች ሲሞቅ ተመልሶ በ47 ያልፍ የለም ወይ የሚል ይኖራል፤ ጠንቃቃው አጥማጅ ግን እየወረደ ያለ 47 እና እየወጣ ያለ 47 አንድ እንዳልሆኑ ስለሚያውቅ ለመውጫው ሌላ ሙሉ ስብስብ ያዘጋጃል፤ ድምሩም 1,440 ይሆናል። በመካከል ዝናብ ጥሎ ውኃው ከደፈረሰ ደግሞ የጠራ ውኃ ማባበያዎች ሥራ ያቆማሉ። የሚቀረው መንገድ፣ ግድቡን ለሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ክፍል፣ ሐይቁ እስከ ምርምሩ ፍጻሜ ድረስ በአንድ ዲግሪ እንዲቆይ ማመልከት ነው። ማመልከቻው እስኪታይ ድረስ ልጅ ያለው አጥማጅ ቀሪዎቹን ዲግሪዎች በኑዛዜ ማከፋፈል ይችላል፦ ለበኩሩ 44፣ ለታናሹ 43።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጀልባው ላይ ሌላ ሰው አለ። እጁ ደንዝዟል፣ ጠዋት ያፈላው ቡና በፔርሙዙ ውስጥ ቀዝቅዟል፣ የፊተኛው ወንበር ባለቤት ደግሞ ለስንተኛ ጊዜ ሣጥን ከፍቶ ሁለት አንድ ዓይነት ዓሣዎችን ወደ ሰማይ እያነሣ ያወዳድራል። የዚህ ሰው ትዕግሥት ያልቃል፤ ማለቁም ተገቢ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ባስ የሚያዘው ዓሣው ባለበት ጥልቀት ላይ አንድ ነገር ቀስ ተብሎ ሲቀርብለትና ሲተውለት ነው። መጀመሪያ ቦታው፣ ከዚያ ዝግታው። የቀረው ሸቀጥ ነው። በምሥራቅ ቴነሲ የክረምት አጥማጆች ሳንቲም የማታክል የፀጉር ጂግ ከተንሳፋፊ በታች ሦስት ሜትር ያህል አንጠልጥለው፣ ማዕበሉ እንዲነቀንቅላቸው እየተዉ ይይዛሉ። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ጉድለቱ ርካሽ መሆኑ ብቻ ነው።

ከታሪክም ለምርጫ ጥበብ የማይመቹ ሁለት ማስረጃዎች አሉ። በጁን 2 ቀን 1932 ጆርጅ ፔሪ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት 10 ኪሎ ግራም ያለፈ ባለ ትልቅ አፍ ባስ ያዘ። እንደሚተረከው እርሱና ጓደኛው አንድ ዘንግና አንድ ማባበያ ብቻ ነበራቸው፤ ምን ይምረጡ? ዓሣውንም ወስደው በሉት። ከ77 ዓመት በኋላ በ2009 ማናቡ ኩሪታ በጃፓን ቢዋ ሐይቅ በክብደት የሚስተካከለውን ባስ የያዘው በሕይወት ባለ ዓሣ አጥምዶ ነው። ሁለቱም የሆኑት በሞቃት ወር ስለሆነ ለዚህ ትምህርት አያገለግሉም፤ እፎይ።

ስለ ክርና ስለ ሌሎቹ መሣሪያዎች አጭር ቃል ይበቃል። ፍሎሮካርቦን ይሰምጣል፣ ከናይሎንም ይልቅ ብርሃንን የሚሰብረው ለውኃ በቀረበ መጠን ነው። የተጎነጎነው ክር ውኃ ይዞ ስለሚወጣ በዘንጉ ቀለበቶች ላይ በረዶ ይሠራል፤ በረዶውን ማራገፍም እንደ ስፖርት ይቆጠራል። ከጀልባው ፊት ያለውን ዓሣ በቀጥታ የሚያሳየው ሶናር ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ቀድሞ «እዚህ ዓሣ የለም» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለሰው አጥማጅ ዛሬ ዓሣው መጥቶ፣ አይቶ፣ ፊቱን አዙሮ ሲሄድ በዓይኑ ያያል። መምረጥ ላቃተው ደግሞ አምስት ማባበያ በአንዴ የሚጎትተው አላባማ ሪግ አለ። በኦክቶበር 2011 ፖል ኢላያስ በጉንተርስቪል ሐይቅ ውድድር አሸነፈበት፤ ባስ የተባለው የአጥማጆች ማኅበርም ሪጉን ከታላላቅ ውድድሮቹ አገደ። ምርጫን የሚያስቀር ነገር ለሙያው አደገኛ ነው።

የሥርዓቱ የመጨረሻ ደረጃ ፎቶግራፉ ነው። በመጨረሻ አንድ ባስ ሲነክስ፣ ማባበያው ከከንፈሩ ላይ በግልጽ እንዲታይ ተደርጎ ይነሣና ዓሣው ወደ ውኃው ይለቀቃል። ፎቶውን ያዩት ሰዎች ዓሣው በምን ጥልቀት ላይ እንደነበረ አይጠይቁም፤ አጥማጁ ስንት ሰዓት ዝም ብሎ እንደቆመም አይጠይቁም። «በየትኛው ቀለም ያዝከው?» ይላሉ፤ መልሱ በተሰማ ማግሥትም ያ ቀለም ከመደብሩ ያልቃል።