ለታላቁ ሞራ ገላጭ፣ ለኤክሶንሞቢል

ለኤክሶንሞቢል ኩባንያ
ስፕሪንግ፣ ቴክሳስ

ጉዳዩ፦ የትንበያ ትብብር ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ 56 ቢሊዮን ዶላር ትርፍ ማስገባታችሁን፣ ይህም በታሪካችሁ ታይቶ የማይታወቅ መሆኑን ሰምተናል። እንኳን ደስ ያላችሁ። በዚያው ዓመት ቦረናና ሶማሌ ክልል ውስጥ ከብቱ በየሜዳው እያለቀ ስለነበር፣ የሆነ ቦታ የደላው ሰው መኖሩን ማወቅ ያጽናናል።

የምጽፈው ግን ስለ ገንዘባችሁ ሳይሆን ስለ ሙያችሁ ነው። እኛ ዘንድ ሞራ ገላጭ የሚባል ባለሙያ ነበር፤ የታረደውን በግ ሞራ ዘርግቶ መጪውን ጦርነት፣ ድርቅና ጥጋብ ይናገራል። ቦረናም የከብት ሆድ ዕቃ የሚያነቡ አዋቂዎች አሉት። ያዩትን ይናገራሉ፣ የሰማው ከብቱን ወደ ሌላ ግጦሽ ይነዳል። አንዳንዴ ይሳሳታሉ፤ ያው ሰው ናቸው። እናንተ ግን እምብዛም አልተሳሳታችሁም፤ እኔን የገረመኝም ይኸው ነው።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም.፣ በእናንተ አቆጣጠር ጁላይ 1977፣ የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፣ ጄምስ ብላክ የተባለ ሳይንቲስታችሁ በዋና መሥሪያ ቤታችሁ ከአለቆቹ ፊት ቆሞ ነዳጅ ማቃጠል የዓለምን የአየር ንብረት እየለወጠ እንደሆነ አስረዳ። አልተቆጣችሁትም። እንዲያውም «ኤሶ አትላንቲክ» በተባለች ግዙፍ የነዳጅ መርከባችሁ ላይ መሣሪያ ገጥማችሁ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከአየሩም ከባሕሩም ስትለኩ ከረማችሁ። በ1982 ባዘጋጃችሁት የውስጥ ሰነድ ላይ ያለው ግራፍ፣ በ2019 ገደማ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ወደ 415 የሚጠጋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚሆንና ምድርም በ0.9 ዲግሪ አካባቢ እንደምትሞቅ ያሳያል። 2019 ደረሰ፤ ሲለካ 411 ገደማ ሆነ። ከ37 ዓመት በፊት ተተንብዮ በአራት ብቻ መሳት! በስንት ዘመን አንዴ የሚገኝ አዋቂ ነው እንዲህ የሚሆነው?

ይህን የምለው ላሞግሳችሁ ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 2023 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ጄፍሪ ሱፕራንና ባልደረቦቹ የድሮ ትንበያዎቻችሁን አንድ በአንድ ፈትሸው፣ ከ63 እስከ 83 በመቶ የሚሆኑት ትክክል ነበሩ ብለዋል። አማካይ ነጥባችሁም የናሳው ጄምስ ሃንሰን በ1988 ካቀረባቸው ትንበያዎች ይበልጣል። ናሳን በልጣችሁ ዝም ማለታችሁ ትሕትና ነው እንበል።

እንዳንል ግን አንድ ነገር ያስቸግረናል። በኦክቶበር 1997 ሥራ አስኪያጃችሁ ሊ ሬይመንድ ቤጂንግ በተካሄደ የነዳጅ ጉባኤ ላይ፣ ምድር ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረችው ይልቅ ዛሬ ቀዝቅዛለች አሉ። ከሃያ ዓመት በፊት ማለት እንግዲህ ጄምስ ብላክ ከአለቆቹ ፊት የቆመበት ዓመት ነው። በ2000 ደግሞ ሳይንሱ ገና አልረጋም የሚል የጋዜጣ ማስታወቂያ ከፍላችሁ አወጣችሁ። ሞራውን አንብቦ ለራሱ ድንኳኑን ካጠበቀ በኋላ ለሰፈሩ «ምንም አይታየኝም» የሚል ሞራ ገላጭ በእኛ አገር ምን ይደረግ እንደነበር አልጽፍም፤ ደብዳቤው የትብብር ጥያቄ ነውና።

አንድ መሸሸጊያ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይነካባችሁ ቆይቷል። «አየሩ ሞቀ እንበል፤ ይህ ድርቅ፣ ያ ጎርፍ በእሱ ምክንያት መጣ ማለት ግን አይቻልም» የሚለው። በጊዜው እውነት ነበረው። ዛሬ ግን ሳይንቲስቶች ሁለት ዓለም አቁመው ያነጻጽራሉ፤ አንዱ ያለንበት፣ ሌላው ነዳጁ ያልተቃጠለበት። በምሥራቅ አፍሪካ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። በኤፕሪል 2023 ያወጡት ውጤት ድርቁ በአየር ንብረት ለውጥ ሳቢያ የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ 100 እጥፍ ያህል ጨምሯል የሚል ነው። ነገሩ የዝናብ ማነስ ብቻ አልነበረም። ሙቀቱ ከአፈሩና ከሣሩ የቀረችውን እርጥበት መጠጠ። ያው የዝናብ እጥረት ምድር 1.2 ዲግሪ በምትቀዘቅዝበት ዓለም ቢመጣ ኖሮ ጭራሽ ድርቅ ባልተባለ ነበር።

ከዚያ በ2023 መጨረሻ ዝናቡ መጣ፤ መጣና ከድርቅ የተረፈውን ጠርጎ ሄደ። በሶማሌ ክልል፣ በሶማሊያና በኬንያ ለደረሰው ጎርፍ ኤልኒኞና የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት እጃቸው ነበረበት፤ ዝናቡን እስከ እጥፍ ያከበደው ግን በእናንተው ግራፍ ላይ የተሳለው ሙቀት ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል። ከመሬት የሚመጠውም፣ በአንድ ጊዜ የሚዘረግፈውም ይኸው አየር ነው።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ሁሉን በእናንተ አላላክክም። የኤልኒኞ ተቃራኒ የሆነችው ላኒኛ በበኩሏ በድርቁ ዓመታት ዝናቡን ስትገፋ ከርማለች። በ2023 የእርዳታ እህል ከተረጂው አፍ መጥፋቱም የቴክሳስ ሥራ አይደለም፤ እሱን በራሳችን እጅ ሠርተነዋል።

በመሆኑም ጥያቄያችን አጭር ነው። የ1982ቱ ሰነድ ለሕዝብ የወጣው በ2015 ነው። ዛሬ በመሳቢያችሁ ያለውን፣ ቦረና በ2060 ስንት የዝናብ ወቅት እንደሚከሽፍበት የሚያሳየውን ግራፍ፣ እባካችሁ በዚህኛው ዙር ቀደም ብላችሁ ላኩልን። ፖስታ ካስቸገረ፣ በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳልና በእጃችሁ ይዛችሁ ኑ። የነዳጅ ኩባንያ ሰዎች ከእንዲህ ዓይነቱ ጉባኤ ቀርተው አያውቁም፤ ሆቴሉም ለእናንተ አይጠፋም።



ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ቅር እንዳይላቸው
ለቦረና የሆድ ዕቃ አንባቢዎች፣ ተፎካካሪያቸውን እንዲያውቁ
ለኤክሶንሞቢል መዝገብ ቤት፣ ከ33 ዓመት በኋላ እንዲከፈት