አቧራ ከማሳቹሴትስ

ሙዚቃ ለሚያቀናብሩ የከተማችን ወጣቶች ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ብሞት አፈሩ አይቀለኝም። ሌላው ሰው መሬትና ዶላር ሲያከማች እነሱ በሙዚቃ ፕሮግራማቸው ላይ የሚሰካ ነጻ ፕለጊን ያከማቻሉ። ኢንተርኔቱ ፈጠን የሚለው ሌሊት ነውና እንቅልፋቸውን ሰውተው ያወርዳሉ። ካወረዱ በኋላ ከፍተው አያዩትም፤ መኖሩን ማወቁ ብቻ ያጠግባል። የአንድን ዘፋኝ ድምፅ የሚጨምቁ ሠላሳ ኮምፕረሰሮች፣ የሚከረክሙ ሃያ ኢኮላይዘሮች፣ የሚያስተጋቡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሪቨርቦች አሏቸው። «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ የሚተርትባቸው ቢኖር ተሳስቷል። የእነሱ ላም ሃርድ ዲስክ ላይ ናት። ወተቷን ነው እስካሁን ያላየነው።

ለዚህ ጸጋ ያበቃን የጀርመኑ ስታይንበርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኪውቤዝ ለተባለው ፕሮግራሙ ቪኤስቲ የሚሉትን የፕለጊን መስፈርት አወጣና ሌሎችም እንዲሠሩበት ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ኮድ መጻፍ የሚችልና ጊዜ የተረፈው ሁሉ የራሱን ፕለጊን ይሠራል፤ ብዙዎችም በነጻ ይሰጣሉ። ከነጻዎቹ መካከል በገንዘብ ከሚሸጡት የማይተናነሱ አሉ፤ ቲዲአር ኖቫን የመሰለ ኢኮላይዘር፣ ቫይታልን የመሰለ ሲንተሳይዘር ያለ ምንም ክፍያ ማግኘት ቀልድ አይደለም። ሠሪዎቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ክራክ የሚሉትን የተሰረቀ ፕሮግራም ፍለጋ ሲዞር ላፕቶፑን በቫይረስ ያስበላ የነበረውን አቀናባሪ ከኃጢአት አውጥተውታል።

ጥቅሙ ተዘርዝሮ አያልቅም። ጂስናፕ የተባለው ነጻ የድምፅ ማረሚያ አንቺሆዬን እየጎተተ ከፒያኖው 12 ድምፆች ጋር ያሰልፍልናል፤ አያቶቻችን ሲሳሳቱ መኖራቸውን ያወቅነው በእሱ ነው። ኦቲቲ የተባለው ኮምፕረሰር ሹክሹክታውን ከጩኸቱ እኩል ያደርጋል፤ ዴሞክራሲ ማለት ይህ ነው። ቫልሃላ ሱፐርማሲቭ የተባለው ሪቨርብ እ.ኤ.አ. በ2020 በነጻ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዘፋኟ ለፋሲካ «ናልኝ» ብትል ማሚቶው እስከ መስቀል ያደርሰናል። የተጠራው ሰው ከማሚቶው ቀድሞ ይደርሳል።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን አቧራውን ነው። በማሳቹሴትስ የተቋቋመው አይዞቶፕ ቫይኒል የሚባል ነጻ ፕለጊን አለው። ሥራው ንጹሕ ቅጂን አሮጌ ሸክላ ማስመሰል ነው። አንዱ መቆጣጠሪያ አቧራ ይጨምራል፣ አንዱ ጭረት፣ አንዱ የማጫወቻውን ሞተር ጉርምርምታ። ዘመንም ያስመርጣል፤ እ.ኤ.አ. 1930 ወይም 1970 ማለት የአቀናባሪው ፈንታ ነው። «የኢትዮ ጃዝ ስሜት» የሚፈልግ ሰው ያለ እሱ አይሠራም።

የማውቀው አንድ ስቱዲዮ የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፏል፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። ከማዶ ሕንፃ እየተሠራ ስለሆነ የመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። አቀናባሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኪቦርዱን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፤ ጨርቁ ጠቁሮ ይነሳል። ከዚያ ይቀመጥና ከአሜሪካ አቧራ ያወርዳል።

ይህን ሳይ አገራዊ ቁጭት ያንገበግበኛል። የገዛ አቧራችን ምን አነሰው? የራሳችንን ፕለጊን ሠርተን «ምናለሽ ተራ» ብለን እንሰይመው። አንደኛው መቆጣጠሪያ የጥቅምት አቧራ ይሁን፤ ሁለተኛው የኮብልስቶን ፈላጭ መዶሻ፤ ሦስተኛው ቆራሌው ከግራው ስፒከር ተነስቶ እየጮኸ ወደ ቀኙ የሚያልፍበት ፍጥነት። የአሜሪካኑ ሸክላው ቀስ እያለ የሚቆምበት ቁልፍ አለው፤ የእኛው «መብራት ሄደ» የሚል ይኖረዋል፣ ሲጫኑት ሴቭ ያልተደረገው ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ደረጃ ያስፈልገዋልና ቀማሾች ይሰየሙ፤ የሞጆው ደቃቅ አንደኛ ደረጃ፣ ከቀለበት መንገድ የሚታፈሰው የጎማ ብናኝ ስላለበት ለአገር ውስጥ ፍጆታ። እንደ ቡናው የታጠበና ያልታጠበ ብሎ መለየት ታስቦ ነበር፤ የታጠበው ጭቃ ሆኖ ስለተገኘ የሚላከው ያልታጠበው ብቻ ነው። አሸዋ ጭኖ ሸራ ሳያለብስ የሚከንፍ ሲኖትራክ ጥፋተኛ መባሉ ይቀርና ላኪ ይባላል። ጠዋት ጠዋት ደጇን ውኃ ረጭታ የምትጠርግ እመቤት የኤክስፖርት ጥሬ ዕቃ በማባከን ትጠየቃለች። ዝናብ ሲገባ ግብር ከፋዩ ሁሉ ጥቁር ይለብሳል።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ሲያቋቁም ግን ጭረት የለመነው ሰው አልነበረም። ሸክላው የተጫረው ሰው ደጋግሞ ስላጫወተው ነው፤ በየቡና ቤቱ መርፌው እየተመላለሰ ነው ያረሰው። መጀመሪያ ዘፈን ነበር፣ ቀጥሎ አድማጭ፣ ጭረቱ መጨረሻ ላይ መጣ። እናንተ አቀናባሪዎች ከጭረቱ ጀመራችሁ። ዘፈኑ የለም።

ንዴቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ክራር እጫወታለሁ። ለአንዱ ወጣት አንድ ዘፈን ቀድቼ ሰጥቼው ስደውል ሁሌ መልሱ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ አንዲት ነገር ልሞክርባትና እልክልዎታለሁ።» ሄጄ አየሁት። ፕሮግራሙ ሲከፈት የወረዱትን ፕለጊኖች አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ ቡናው ተፈልቶ በረካው ሲቀዳ ፍተሻው ገና ነበር። ሲያልቅ የክራሬን ትራክ ከፈተልኝ። አንዱ ፕለጊን ወፍራሙን ድምፅ ይቆርጣል፤ ቀጥሎ ያለው የተቆረጠውን መልሶ ይጨምራል፤ ሦስተኛው የሁለቱን ጠብ ያበርዳል፤ ከእነሱ በታች ገና ብዙ ተደርድሯል።

«ይኼ ሁሉ ለምንድን ነው ልጄ?» አልኩት።

«ነጻ ናቸው እኮ ጋሼ!» አለኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ ስማኝ። ፕሮግራምህ ራሱ ይዞት የመጣው ኢኮላይዘር፣ ኮምፕረሰርና ሪቨርብ ለአንድ ክራርና ለአንድ ዘፋኝ ይበቃል። ዓመት በእነሱ ብቻ ሥራ፤ የጎደለህን ጆሮህ ይነግርሃል፤ ያን ጊዜ የጎደለህን አንዱን አውርድ። እስከዚያ ዘፈኑን ጨርሰህ ላክ። አይሆንልኝም ካልክ ክራሬን መልስልኝ፤ እሱንም በነጻ ነው የሰጠሁህ።