ያጥፉልን፣ ያብሩልን

ኮከብ የሚያይ ሰው ጎረቤት አይወድም። ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ጎረቤት መብራት ስላለው ነው።

ጥቅምት ላይ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል። ጓደኛዬ ራሱ የገጣጠመውን ስፔክትሮግራፍ ከቴሌስኮፑ ጀርባ አስሮ፣ አዲስ አበባ እነሱ ግቢ ውስጥ ቬጋን እያነጣጠርን ነበር። ብርሃኗ በቀጭኗ ክፍተት ገብቶ፣ በግሬቲንጉ ተበትኖ፣ ላፕቶፑ ላይ እንደ ክር ተዘረጋ። ክሩን እዚህም እዚያም የቆረጡት ጥቋቁር መስመሮች የሃይድሮጅን ናቸው። ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጡ ደማቅ መስመሮችም አሉበት፤ እነዚህ ግን የቬጋ አይደሉም።

«ሜርኩሪ!» አለ ጓደኛዬ። «የእትዬ ፍሎረሰንት ነው።»

አጥሩ ላይ ተንጠላጠልን። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ የደጁን መብራት ለትንሽ ጊዜ ያጥፉልን?» እንጀራ እየጋገሩ ነበር። አጠፉልንና በስልክ መብራት ቀጠሉ።

ካሜራው የሚያውቀው የፒክስል ቁጥር ብቻ ነው። መስመሩ ስንተኛው ፒክስል ላይ እንደወደቀ ይናገራል፤ የሞገድ ርዝመቱ ስንት ናኖሜትር እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ መስመሮቹ ቀድመው የተለኩ መብራት በዚያችው ክፍተት አሳልፎ ማንሳት የግድ ነው። እኛ ያዘጋጀነው ኒዮን ነበር። ብርዱ ሲበረታ ብረቱ ይኮማተራል፣ መስመሮቹም ከቦታቸው ይንሸራተታሉ፤ ነገ ይደርሳል አይባልም።

ሶኬቱን ስንሰካ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ኒዮኑ የለውም። የሄደው ደግሞ የኛ ፌዝ ብቻ ነው፤ የእትዬ ምጣድ ይጋግራል።

ቁጥሩ ይቅር እንዳንል፣ የመስመር ቦታ ቀልድ አይደለም። በ1868 እ.ኤ.አ. ኖርማን ሎክየር በፀሐይ ጠርዝ የመረመረው ቢጫ መስመር 587.6 ናኖሜትር ላይ የሚገኘው ነው። የሶዲየም ሁለት ቢጫ መስመሮች 589.0 እና 589.6 ላይ ናቸው። ልኬቱ ትንሽ ቢወላገድ ኖሮ «ሶዲየም ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሂሊየም ሆኖ ተገኘ፤ ምድር ላይ የተለየው በ1895 ነው።

ጓደኛዬ አየኝ። እኔ አጥሩን አየሁ።

«እትዬ... መልሰው ቢያበሩልን?»

«ምን ሆናችኋል ልጆቼ? አጥፊ አላችሁኝ፣ አጠፋሁ። አሁን ደግሞ አብሪ?»

አበሩልን። የረገምናቸው መስመሮች በየቦታቸው ተመለሱ፦ 435.8፣ ከሃይድሮጅኑ 434.0 አጠገብ፤ 546.1፤ ቀጥሎ አንድ ወፍራም መስመር። ይህኛው እንኳ በእውነቱ ሁለት ነው፤ 577.0 እና 579.1። ክፍተቷን ስናጠባት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጓደኛዬ በደስታ ጮኸ። ቬጋ ግን ደበዘዘች።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ክፍተት ሲጠብ መስመር ይለያል፣ ብርሃን ግን ይነፈጋል። የመለየት አቅም የሚባለው የሞገዱ ርዝመት ሊለይ ለሚችለው ትንሹ ልዩነት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ለሜርኩሪዎቹ 300 ገደማ ይበቃል፣ የሶዲየሞቹ ግን 1000 ገደማ ይፈልጋሉ። እሱ «አሁንም ትጥበብ» ይላል፤ እኔ «ኮከቧ ትታየን» እላለሁ።

ስንከራከር የኛ መብራት መጣ። ወዲያው የእትዬ ሄደ፤ ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ገና ዓይን አላወጣም።

«አሁንስ ምን ላድርግላችሁ?» አሉ ከአጥሩ ወዲያ።