ረሃብ፣ ቁጣና የጠፋው ሦስተኛ፦ ጥናታዊ ጽሑፍ

የዚህ ጥናት ወሰን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው፤ ጂ፣ አር እና ዋይ። በእነዚህ የሚጨርሱና ተናጋሪው በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ቃላት ሁለት ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። አንደኛው የተቆጣ ሰው የሚገለጽበት «አንግሪ» ነው፤ ሁለተኛው የራበው የሚገለጽበት «ሀንግሪ»። ሌላ ስሜት ያለው ሰው ሌላ ፊደል ይፈልግ።

ነገሩ በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. ግን «ሦስተኛው ቃል የቱ ነው?» የሚል እንቆቅልሽ አሜሪካን አዳረሰ፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችም ለዓመታት እንቅልፍ አጡ። አጥኚው እስካየው ድረስ ስለ ረሃብ ራሱ ያን ያህል የጠየቃቸው አልነበረም።

ፍለጋው ባዶ እጁን አልተመለሰም። ከአሮጌ መዝገበ ቃላት «ግራይ» ተገኘ፤ ባለቤቱም እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ናቸው። ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁሉን በዐሥር የሚያካፍል የርዝመት መለኪያ አሰቡ። «የፍልስፍና ጫማ» (በእግር የሚጠለቅ አይደለም) ለዐሥር ኢንች፣ ኢንቹ ለዐሥር መሥመር፣ መሥመሩ ለዐሥር ግራይ ይከፈላል። አንድ ግራይ ታዲያ የሚሊ ሜትር ሢሶ ገደማ ነው። መለኪያውን የጠቀሱት ደግሞ ስለ እግዚአብሔር መኖር በሚሟገቱበት ምዕራፍ ነው፤ ቁስ አካል እስከ ግራይ መቶ ሺኛ ድረስ ቢደቅም ሐሳብ አይወልድም ለማለት። ክርክሩ እስከ ዛሬ ሲያወዛግብ፣ መለኪያው ግን የሚጣላበት ሰው እንኳ አላገኘም።

የቀሩት በአጭሩ ይታለፋሉ። «አግሪ» በጋና ምድር ከአፈር ውስጥ የሚወጣ ጥንታዊ ዶቃ ነው። «ፐግሪ» የሕንድ ጥምጥም ሲሆን፣ እንግሊዞች ፀሐይ ሲበረታባቸው ባርኔጣቸው ላይ የጠመጠሙት ነው። ሁለቱም በእንግዳ ደንብ የገቡ ስለሆኑ ጠያቂውን አላረኩትም።

መልሱ በቃላት ጨዋታ ያመለጠ ነው የሚሉም አሉ። በእንቆቅልሹ ውስጥ ካለው «ዘ ኢንግሊሽ ላንጉጅ» ከሚለው ሐረግ ሦስተኛው ቃል የቱ ነው ብትባሉ «ላንጉጅ» ነው፤ ሌላው ሁሉ ማዘናጊያ ነበር ይላሉ። ይህ ትርጓሜ አማርኛን አይመለከትም። እኛ «ዘ»ን ለብቻው ስለማናቆም ቆጠራው ሁለት ላይ ያልቃል፤ እንቆቅልሹም አገር ስጡኝ ሳይል ይሸነፋል።

እውነተኛው ሦስተኛ የመጣው ከቤት ነው። ረሃብና ቁጣ ተጋብተው «ሃንግሪ»ን ወለዱ፤ ትርጉሙ ርቦት የሚነጫነጭ። በጽሑፍ የታየው በ1956 ቢሆንም የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የተቀበለው በ2018 ነው። በ2022 ደግሞ ተመራማሪዎች 64 ሰዎችን ለሦስት ሳምንት ተከታትለው የራበው ሰው ቁጡ እንደሚሆን የሚያመለክት ውጤት አሳተሙ። በሁዳዴ ከቀትር በኋላ ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ የገባ አንባቢ ለዚህ ድካም ያዝናል።

አንድ የአሠራር ችግር ይቀራል። በእኛ ፊደል የራበውን በግዕዙ «ሀ»፣ ርቦት የተቆጣውን በራብዑ «ሃ» ብንለያቸውም ልዩነቱ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይደርስም። ባሕር ማዶ ያደገ ልጅ ቃሉን እየጮኸ ወደ ቤት ሲገባ፣ አማርኛ ተናጋሪ እናቱ የትኛውን እንዳለ መለየት አትችልም። የመስክ ምልከታው እንደሚያሳየው ግን አትጠይቅም፤ ለሁለቱም እንጀራ ታቀርባለች።