ከኮፈኑ ሥር የተቀመጠ ሸንጎ

በእንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ የተሠራች አንዲት ጃጓር ኢ-ታይፕ ነበረች። የ1962 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ የውድድር ዘር። ባለቤቷ ተኝቶ ጋራዡ ጭር ሲል ዕቃዎቿ አንደበት አውጥተው ይነጋገሩ ነበር።

ከመካከላቸው በዕድሜም በክብርም የሚቀድመው አያ ሞተር ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 3.8 ሊትር፣ 265 የፈረስ ጉልበት። ዘሩ የሚቆጠረው ከክፉ ዘመን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃጓር መሐንዲሶች ፋብሪካቸውን ከቦምብ እሳት ለመጠበቅ ተራ ገብተው ሲያድሩ፣ ሰላም ሲመጣ ስለሚሠሩት ሞተር እየመከሩ ሌሊቱን ያነጉ ነበር። ሞተሩ በ1948 ለንደን ላይ ለሕዝብ ታየ። ከ1951 እስከ 1957 ባለው ጊዜ በፈረንሳይ የለማን የ24 ሰዓት ውድድር አምስት ጊዜ ያሸነፉት ጃጓሮች የዚህ ዘር ሞተር ነበራቸው። አያ ሞተር ግን ይህን እያነሳ አይመጻደቅም፤ ሥራው መጎተት ነው፣ ይጎትታል።

ዘመን አልፎ ያ ብርቱ ሞተር ይግል ጀመር። ዳገት ላይ እንፋሎት ይተፋል፤ በማርሚታው በኩል ጥቁር ጭስ ይወጣል። ዕቃዎቹ ሸንጎ ተቀመጡ።

«አርጅቷል፤ ይቀየር» አለች እመት ራዲያተር፣ ከሁሉ ቀድማ።

ሸንጎው ያላነሳውን እኔ ላንሳ። የእመት ራዲያተር ቀጫጭን ቱቦዎች በዝገትና በኖራ ተደፍነው ነበር። ዘይቱ በወቅቱ አልተቀየረም። ሦስቱ ካርቡራተሮች አናታቸው ላይ ባለችው ክዳን በኩል ጥቂት ዘይት ይፈልጋሉ፤ ያቺን ክዳን ፈትቶ የጨመረላቸው ሰው ከታየ ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ካርቡራተር ጠግቦ ሌላው እየተራበ፣ ስድስቱ ሲሊንደሮች እኩል መተንፈስ አቅቷቸዋል። አያ ሞተር ይታመም የነበረው የሌሎቹን ሕመም ነው። ጩኸቱ ግን የሚሰማው ከእሱ ስለሆነ ፍርዱም በእሱ ላይ ወደቀ። አገር ሙሉ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አዝኛለሁ፤ ሁሉም ሹሙ ይቀየር ይላል፣ የራሱን ቧንቧ የሚያስፈትሽ ግን የለም።

ግቢው ውስጥ አንድ የአሜሪካ ፒክአፕ ቆሞ ነበር። «በእኛ አገር ሼቭሮሌት የሠራው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አለ» አላቸው። «5.7 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ ከ300 ፈረስ በላይ ይወጣዋል፤ መለዋወጫው በየሱቁ ይገኛል።» የነገራቸው እውነቱን ነው።

ሸንጎው በደስታ ተናወጠ። እመት ራዲያተር አዲስ ከመጣ የእኔን ውስጥ የሚጠይቅ የለም ብላ አሰበች። አያ ፍሬን የተበላ ሸራውን ሸሸገ። እመት ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ ሲገባ የምታሰማውን መንጓጓት የአዲሱ ጉልበት ድምፅ ይሸፍንልኛል አለች፣ በልቧ።

የተቃወሙት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ ከኮፈኑ ሥር የተመታች ትንሽ ሰሌዳ ናት። የመኪናዋ፣ የሞተሩ፣ የቦዲውና የካምቢዮው ቁጥር ተቀርጾባታል፤ በአያ ሞተር ብረት ላይ ያለውና እሷ የያዘችው ቁጥር አንድ ነው። «እሱ ከወጣ እኔ የማን ምስክር ልሆን ነው?» አለች። «ቁጥር መኪና አይጎትትም» ብለው ዝም አሰኟት።

ሁለተኛው ጋሽ ሻንሲ ነው። ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የተበየደ፣ የሞተሩን ሸክም ተሸክሞ የኖረ። «እኔ የተሠራሁት በአያ ሞተር ልክ ነው። የምታመጡት ደረቱ ሰፊ ነው። ለመሆኑ ማን ለካኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ማንም አልለካውም።

አያ ሞተር ከነካርቡራተሮቹ በሰንሰለት ተነሥቶ ወጣ፤ ጋራዡ ጥግ ሸራ አለበሱት። እንግዳው መጣ። የጭስ ማውጫው አልገባ ሲል ተጣመመ፤ የመሪው ዘንግ መንገድ ሲዘጋበት ዞረ፤ በመጨረሻ ከጋሽ ሻንሲ ቱቦዎች አንዱ በመጋዝ ተቆረጠ።

እንግዳውን ክፉ አድርጌ ልስለው አልፈልግም፤ ቅን ሠራተኛ ነበር። ገና ቦታው ላይ ሳይደላደል «እኔ ሰፋ ያለ ራዲያተርና ጠንካራ ፍሬን እፈልጋለሁ፤ አላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። «አንተ ብቻ ጎትት» አሉት።

ጎተተ። ሜዳውን በረሩበት፤ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ረጅም ቁልቁለት መጣ። የኢ-ታይፕ የኋላ ፍሬኖች ያሉት ጎማው አጠገብ ሳይሆን መኪናዋ ሆድ ውስጥ፣ ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ ነው፤ ሲግሉ ነፋስ እንደ ልብ አያገኛቸውም። አያ ፍሬን የተቃጠለ ሸራ መሽተት ጀመረ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ መያዙን ትቶ ይንሸራተት ገባ። ቁልቁለቱን በመከራ ጨርሰው ዳገቱን ሲጀምሩ እንፋሎቱ ተነሣ። ያው እንፋሎት፣ ከዚያው ከእመት ራዲያተር አፍ።

«ይሄም አይረባም! ይቀየር!» ተባለ፤ ሸንጎው ዳግም ተቀመጠ። የጎን መስታወቷ ብዙ መንገድ ያየች ናትና ወሬ አመጣች። «ፋብሪካው ራሱ በ2017 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የምትሄድ ኢ-ታይፕ አሳይቷል። በ2018 ልዑል ሃሪና ሙሽራይቱ ሜጋን በሠርጋቸው ዕለት ከዊንዘር ቤተ መንግሥት የወጡት በእሷ ነው።»

«እሱን እናምጣ!» ብለው ተነሡ።

«ቆዩ» አለ ጋሽ ሻንሲ። «እነዚያ ባትሪውን የሠሩት በቀድሞው ሞተር መጠንና ክብደት ነው። ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ አሮጌው ተመልሶ ይገባል፤ ብረት አልቆረጡምና። እናንተ ግን መመለሻችሁን በመጋዝ ቆርጣችኋል። ለሦስተኛው ደግሞ የትኛውን አካሌን ልትቆርጡ ነው?»

የሚመልስለት ጠፋ። በመጨረሻ እመት ራዲያተር «ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እኔን አስከፍቱኝ» አለች።

በማግስቱ መካኒኩ ፈታት። ውሃ ሲለቅባት ዝገትና የኖራ ቅርፊት እየተገፋ ወጣ፤ የጋራዡ ወለል ቡናማ ሆነ። ያን ያየ አያ ፍሬንም የተበላ ሸራውን ሳይጠየቅ አሳየ።

ሌሊቱን ወደ ጥጉ ሄደው «አያ፣ ተመለስልን» አሉ።

«ጋሽ ሻንሲ ተበይዶ ከጠና እመለሳለሁ» አለ አያ ሞተር ከሸራው ሥር። «ግን እንግዳውን ጠይቃችሁታል? ስታመጡት አልጠየቃችሁትም። ስታወጡትም ካልጠየቃችሁት፣ እኔ የምመለሰው ወደዚያው ወደ ድሮው ሸንጎ ነው።»

ዞረው እንግዳውን ምን እንደሚያስፈልገው ጠየቁት። እሱም ከዘይቱ ጀምሮ አንድ በአንድ ይነግራቸው ገባ።