ስድብ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር

ውሻቸውን የሚያናፍሱ አሮጊት ሴትዮ ቀድመውን ሄደዋል። ውሻው በየቁጥቋጦው ሥር እየቆመ ሲያሸት ነበር፤ እሱም ቀድሞናል። በዚህ መሃል ነው አንድ ሰውዬ ዳር ከታሰረ ጀልባው ብቅ ብሎ «ቀስ በሉ እንጂ!» ሲል የጮኸብን።

ቦታው ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከብራድፎርድ ኦን ኤቨን ወደ ባዝ የሚወስደው የኬኔትና ኤቨን ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1810 ሲጠናቀቅ ከሰል የጫነ ጀልባ በፈረስ ይጎተትበት ነበር፤ አሮጊቷ ያለፉን በዚያ በፈረሱ መንገድ ነው። በኋላ ባቡር መጥቶ ሥራውን ቀማው። ዛሬ ሰው ይኖርበታል። ወዳጄም አንዱ ነው፤ ቤቱ ወርዷ ሁለት ሜትር ከምናምን የሆነች ቀጭን ጀልባ ናት። ቋሚ ማሰሪያ ስለሌለው ሕጉ አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ እንዲቆም አይፈቅድለትም፤ ቀኑ ሲደርስ ቤቱን አስነስቶ ይሄዳል። የፍጥነቱ ጣሪያ ደግሞ በሰዓት 4 ማይል፣ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በታሰረ ጀልባ አጠገብ ሲታለፍ ከዚያም ይቀነሳል፤ አለዚያ ውኃው ጀልባውን ይስበውና ካስማው ይነቀላል፣ ምድጃ ላይ የተጣደው ይደፋል። ወዳጄ ይህን ሁሉ ጠብቋል። ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንቁላል እዚያ ቢኖር ጥሎን በሄደ ነበር።

«ሻዬ ተደፋ!» አለ ሰውየው ኩባያውን ከፍ አድርጎ። ወዳጄ ባላጠፋው ይቅርታ ጠየቀ፤ እንግሊዝ አይደል። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ችግሩ፣ ሰውየው የጮኸው የጀልባችን አፍንጫ እሱ ጋ ሲደርስ ነው። እኛ ከኋላ፣ መሪው ጋ ቆመናል። አጠገቡ ለመድረስ ጀልባው ርዝመቱን ሁሉ ማለፍ አለበት። ፊቱን አኮሳትሮ ጠበቀን። ትንሽ ቆይቶ ማኮሳተሩ ደከመው። ኩባያውን አየ። ሰማዩን አየ። እኛም ሰማዩን አየን። በመጨረሻ ፊት ለፊት ስንገጥም፣ «ከሰዓት በኋላ ሳይዘንብ አይቀርም» አለ።

«ለአትክልቱ ጥሩ ነው» አለ ወዳጄ።

ሰውየው በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን የወዳጄን የሙዚቃ መሣሪያ፣ የኮንሰርቲናውን ሳጥን አያት። «ትጫወታለህ እንዴ?» ስንርቀው ጊዜ፣ ቅድም በቆጣን በዚያው ድምፅ፣ ማታ ድልድዩ ሥር ያለው መጠጥ ቤት እንድንመጣ እየጮኸ ነበር።

መገናኛ ላይ ሾፌር ከሾፌር እንደዚያ የሚሞላለጨው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ስድብ ፍጥነት ይፈልጋል። መስኮት ዝቅ አድርገህ፣ የሰው እናት አንስተህ፣ ነዳጅ ረግጠህ መሰወር አለብህ። ከሰደብከው ሰው ጋር ጎን ለጎን እያዘገሙ መሄድ ካለ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ መደባደብ ወይ ስለ ዝናብ ማውራት።

ማታ ሄድን። ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው፣ ፊታቸውን ወደ መሃል፣ ጀርባቸውን ለጠጪው ሰጥተው ተቀምጠዋል። አዝማሪ አፍንጫው ሥር ድረስ መጥቶ ቦርጩን በግጥም ሲያብጠለጥለው ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፈ ላደገ ሰው ይህ ግር ይላል። ዜማውን የሚያስተዋውቅ የለም፤ አንዱ ይጀምራል፣ የሚያውቅ ይከተላል፣ ሦስት ጊዜ ያህል ከዞሩበት በኋላ ሳያቋርጡ ወደ ሌላ ይሻገራሉ። ወዳጄ ኮንሰርቲናውን ያስለቅሳል፤ ያቺ ባለብዙ ቁልፍ ሳጥን፣ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ በኤሌክትሪክ ድልድዩ ያስለቀሰን የዚያው የቻርልስ ዊትስቶን ፈጠራ ናት።

ከዚያ የሻዩ ሰውዬ ቫዮሊኑን አነሳ። «ቀስ በሉ» ባዩ! መገዝገዣው አልታይ አለኝ። የወዳጄ ጣቶች ቁልፍ መሳት ጀመሩ። «ቀስ በል እንጂ!» ልለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ከክቡ ግን ቃል የተነፈሰ የለም። አንዲት ሴትዮ ዋሽንታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቢራቸውን አነሱ። ቀጥሎ አኮርዲዮኑ ዝም አለ። ቀጥሎ ወዳጄ። ሰውየው ብቻውን መቅረቱን ሲያውቅ ቀና አለ፣ ፊቱ ቀላ፣ ተከታዩን ዜማ ረጋ አድርጎ ጀመረ።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ቁጣን በዝግታ የማብረድ ጥበብ ያለ ጀልባ ያውቁታል። ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞችን ሊያስታርቁ ሲቀመጡ መች በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባሉ? መጀመሪያ ምርቃት ነው። ከዚያ የዘንድሮ ዝናብ። ከዚያ የጤፍ ዋጋ። ከዚያ የበዳይ አያት ምን የመሰሉ ሰው እንደነበሩ። ነገሩ ተራ ሲደርሰው ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ተበዳይም ድንጋዩ ላይ መቀመጫውን ማመቻቸት ይዟል።

«በል እንግዲህ ልጄ፣ በደልህን ተናገር» ይሉታል።

«ኧረ ትቼዋለሁ አባቶቼ፣ ላሟ ሳትታለብ መሸ!»