የፕላቲ አሽከር

ካምፓላ ውስጥ ከካንሳንጋ በቦዳ ቦዳ ሞተር ቁልቁል ብትወርዱ ጋባ ወደብ ነው። እዚያ ገና የሚፈራገጥ ቆሮሶ ታገኛላችሁ፣ አስጠብሳችሁ ትበላላችሁ፣ አምላካችሁን አመስግናችሁ ትመለሳላችሁ። ቪክቶሪያን የሚያህል ሐይቅ ደጃፉ ላይ የተዘረጋለት ሰው፣ ዘሯ ከሜክሲኮ የመጣ፣ ከጣት የማትረዝም፣ ለወጥም ለጥብስም የማትሆን ዓሣ ገዝቶ ሳሎን ያስቀምጣል? የልጅ ልጄ አስቀመጠ።

ስሟ ፕላቲ ነው። «አባባ፣ ለጀማሪ የምትሆን፣ ችግር የማታውቅ ዓሣ ናት» አለኝ። አለማወቋ እውነት ነው። የሚያውቀው አሽከሯ ነው፤ አሽከሯም እኔ።

የመስታወት ገንዳውን ባመጣ ዕለት ከቧንቧ ሞልቶ፣ በዚያው ማታ ዓሦቹን ሊጨምር ተነሣ። ክሎሪኑስ? መተንፈሻቸውን ሊያቃጥል? ዕድሜዬን ኬሚስትሪ ያስተማርኩት በከንቱ ነው እንዴ? ክሎሪኑን ማስወገጃ ጠብታ አለው፤ ለባሰው ነገር ግን መፍትሔው ጠብታ አይደለም። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ይገድላል። በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ያንንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱን በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ እየቀየራችሁ ትቀንሱታላችሁ። ባክቴሪያዎቹ ተራብተው ለሥራ እስኪበቁ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። ጠላ እንኳ ቀኑን ሳይጨርስ አይቀዳም! ኢንዶሚ ለማብሰል 3 ደቂቃ በዛብኝ ብሎ ለሚያኮርፍ ልጅ ይህን ንገሩት እስቲ።

ስለ አየሩ አልዋሽም፤ ካምፓላ ለፕላቲ ተስማሚ ናት። ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ይበቃታል፤ ማሞቂያ ብሎ ወጪ የለም። ውሃው ላይ ግን ታማርራለች፤ እሷ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ትወዳለች፣ ከቧንቧው የሚመጣው የሐይቁ ውሃ ደግሞ ለስላሳ ነው። ስለዚህ እኔ ሽማግሌው ውሃው ውስጥ የምጨምረውን የኖራ ድንጋይ አጥባለሁ።

ሻጩ «ለአንድ ወንድ ሁለት ሦስት ሴት አድርጉ፤ አለዚያ አንዷን ሲያሳድድ ይገድላታል» ብሎ መከረ። በወጣትነቴ የቀደስኩ ዲያቆን፣ በስተርጅና አንድ ባል ከሦስት ሚስት ጋር ሳሎኔ አስገባሁ። ፕላቲ እንቁላል አትጥልም፣ ትወልዳለች፤ በወር ገደማ አንዴ፣ 20፣ 30፣ ሲላት ከዚያም በላይ። ባልየውን አውጥታችሁ ብትጥሉት እንኳ፣ አስቀድማ በሆዷ ባከማቸችው ዘር ለወራት መውለዷን ትቀጥላለች። ወልዳም ዞር ብላ ልጆቿን ትበላለች። ባለቤቴ ይህን አይታ «እግዚኦ!» ብላ አማተበችና፣ ጫጩቶቹ የሚሸሸጉበት ቅጠል ከጥግ እስከ ጥግ ተከለችላቸው። አዘነችላቸው እንጂ ለእኔ ማን ያዝንልኛል? ሁሉም አደጉ።

ልጁ «ጋባ ወስደን እንልቀቃቸው» ሲል ነው ከዘራዬን ያነሣሁት። እዚህ አገር ምፑታ የሚሉት ናይል ፐርች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንዲሁ «ምን ይጎዳል» ተብሎ ሐይቁ ላይ ተለቀቀ። ንኬጄ የሚባሉትን ትናንሽ ዓሦች እየዋጠ 200 ያህል ዝርያ ሳያጠፋ እንዳልቀረ ይገመታል። ጎረቤታችን የማምባ ጎሳ ናት፤ ጎሳዋ የሚጠራበትን ዓሣ በአፏ አታዞርም። ነገሩን ስነግራት «ልክ ነህ ጃጃ (አያቴ)» አለች። ከልጄ ልጅ ይልቅ ገባት።

አይበሉ፣ አይለቀቁ፤ ታዲያ ምን ላድርጋቸው? በፌስታል ውሃ ሞልቼ እያንጠለጠልኩ ማደል ጀመርኩ። ካባላጋላ ያለው አበሻ ሁሉ አሁን ፌስታል ይዤ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ያልሸሸኝ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ብቻ ነው። ፌስታሉን ወደ መብራት አንሥቶ አገላብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ ለጾም ይደርሳሉ?» አለኝ።